ማብሪያ ማጥፊያው በማን እጅ ነው? የአምስት ዶላሯ ቺፕ እና የአዲስ አበባ ቤት

በ2011 ዓ.ም ግንቦት ወር መንግሥት ኤሌክትሪክ በፈረቃ እንደሚሆን አስታወቀ። የግልገል ጊቤ 3 ግድብ ውሃ በመቀነሱ የ476 ሜጋ ዋት ጉድለት መፈጠሩ ተነገረ። የአዲስ አበባ ሰው የፈረቃ ሠንጠረዡን በስልኩ ይዞ እንጀራ የሚጋገርበትን ሰዓት ማስላት ጀመረ። ከአንድ ወር ትንሽ ዘለግ ብሎ ደግሞ፣ በሰኔ 15ቱ የባሕር ዳርና የአዲስ አበባ ግድያ ማግስት፣ ኢንተርኔት ተዘጋ። መብራትም ኢንተርኔትም ከላይ ተከፍተው ከላይ የሚዘጉ ነገሮች መሆናቸውን ያ ሰሞን ለማንም ግልጽ አደረገው።

በእነዚያ ሳምንታት ዘመድ ከዱባይ ያመጣለትን "ስማርት" አምፖል የገጠመ ሰው ቢኖር ነገሩ ሳያስቀው አይቀርም። አንዱ ቀን መብራት የለም። ሌላው ቀን መብራት መጥቷል፣ ኢንተርኔት የለም። አብዛኞቹ እንዲህ ያሉ አምፖሎች ትእዛዝ የሚቀበሉት ባሕር ማዶ ካለ የኩባንያ ሰርቨር ነው። ሰውየው ሶፋው ላይ ተቀምጦ ስልኩን ሲነካ ትእዛዙ ከቤቱ ወጥቶ፣ አህጉር ተሻግሮ፣ ተመልሶ ሦስት ሜትር ርቀት ላይ ወዳለው አምፖል መድረስ አለበት። መንገዱ ከተዘጋ አምፖሉ አይሰማም። ግድግዳው ላይ ያለችው ተራ ማብሪያ ግን ትሠራለች።

የስማርት ቤት ነገር ሲነሳ በእኛ ሀገር ወሬው ሁሉ ስለ ቅንጦት ይሆናል፤ በድምፅ ስለሚታዘዝ መጋረጃ፣ ቀለሙን ስለሚቀያይር መብራት። ከዚህ ጀርባ ያለው ታሪክ ግን ስለ ሥልጣን ነው፦ በሰው ቤት ውስጥ ያለን ማብሪያ ማጥፊያ ማን ይዞታል? ጥያቄው በአውሮፓና በአሜሪካ የተነሳው በትርፍ ጊዜያቸው ሽቦ በሚነካኩ ሰዎች መካከል ነው። አንገብጋቢ የሚሆነው ግን መብራትና ኔትወርክ በሚቆራረጥበት ከተማ ነው።

ነገሩ የጀመረው ከአንዲት ቺፕ ነው። ማይክሮኮንትሮለር የሚባለው ነገር ትንሽ ኮምፒውተር ነው፤ ስክሪን የለው፣ ኪቦርድ የለው፤ አንድ ሥራ ይሰጠዋል፣ ያንኑ ሲደጋግም ይኖራል። በልብስ ማጠቢያ ማሽን፣ በመኪና፣ በሪሞት ውስጥ ከመጣ ቆይቷል። ጣሊያን ውስጥ ኢቭሪያ በምትባል ከተማ እ.ኤ.አ. በ2005 የተወለደው አርዱዊኖ ይህን ነገር ከፋብሪካ አውጥቶ ለተማሪና ለሠዓሊ ሰጠው። ችግሩ ዋይፋይ አልነበረውም። አርዱዊኖን ከዋይፋይ ጋር ለማገናኘት የሚያስፈልገው ተጨማሪ ሰሌዳ ከራሱ ከአርዱዊኖው ይበልጥ ውድ ነበር፤ ከ50 ዶላር በላይ ይጠይቅ ነበር። በዚያ ዋጋ አንድ አምፖል ከዋይፋይ ጋር ማገናኘት ዕብደት ነው።

በነሐሴ 2006 ዓ.ም፣ ማለትም እ.ኤ.አ. ኦገስት 2014፣ የኤሌክትሮኒክስ ወዳጆች በኢንተርኔት ላይ አንድ ወሬ ተቀባበሉ። ኤአይ-ቲንከር የሚባል የቻይና ኩባንያ ከአውራ ጣት ብዙም የማይበልጥ የዋይፋይ ሰሌዳ በ5 ዶላር ገደማ እየሸጠ ነው። ውስጡ ያለችው ቺፕ ኢኤስፒ 8266 ትባላለች። የሠራት ኤስፕሬሲፍ ነው፤ ቴኦ ስዊ አን የተባለ ሲንጋፖራዊ መሐንዲስ እ.ኤ.አ. በ2008 ሻንጋይ ውስጥ የመሠረተው፣ ያኔ ስሙን የሰማው ጥቂት የሆነ ድርጅት።

ሰሌዳዋ የተሸጠችው ለሌላ መሣሪያ ዋይፋይ አቀባይ እንድትሆን ነበር። መመሪያዋ የተጻፈው በቻይንኛ ብቻ ነው። እዚህ ላይ ነው ታሪኩ የሚጥመው። እርስ በርስ የማይተዋወቁ ሰዎች በየአህጉሩ መመሪያውን በማሽን ተርጓሚ እየታገዙ መተርጎም፣ ቺፕዋን መፈተሽ፣ ያገኙትን ለሌላው ማካፈል ጀመሩ። ብዙም ሳይቆይ ነገሩ ተገለጠ፦ ይህች "አቀባይ" ራሷ ሙሉ ኮምፒውተር ናት፤ በ80 ሜጋ ኸርዝ የምትሠራ፣ የራሷን ፕሮግራም መሸከም የምትችል። አርዱዊኖው ጨርሶ አያስፈልግም። ኩባንያው በጥቅምት 2014 የፕሮግራም መሥሪያ መሣሪያዎቹን ይፋ አደረገ። በቀጣዩ ዓመት ኢቫን ግሮኮትኮቭ የተባለ ፕሮግራመር ቺፕዋን በአርዱዊኖ ቋንቋ እንድትገባ አደረጋት፤ ኤስፕሬሲፍም በኋላ ሰውየውን ራሱን ቀጠረው። ብልህ ኩባንያ ማለት ይኼ ነው። እ.ኤ.አ. በ2016 ብሉቱዝ የጨመረችው ኢኤስፒ 32 ተከተለች። በ2018 መጀመሪያ ኩባንያው 100 ሚሊዮን ቺፕ፣ በ2023 ደግሞ ከአንድ ቢሊዮን በላይ መላኩን አስታወቀ።

ከዚያ ቢሊዮን ውስጥ ብዙው የገባው በተዘጋጁ አምፖሎች፣ ሶኬቶችና ካሜራዎች ውስጥ ነው። የተዘጋጀ ዕቃ ደግሞ ጌታ አለው። በግንቦት 2016 እ.ኤ.አ. የጉግል እናት ኩባንያ ንብረት የነበረው ኔስት፣ ሪቮልቭ የሚባለውን የቤት መቆጣጠሪያ ሰርቨሩን ዘጋው። ሰዎች 300 ዶላር የከፈሉበት ዕቃ በአንድ ቀን ባዶ ቀፎ ሆነ። በሚያዝያ 2022 ደግሞ ኢንስቲኦን የሚባለው አንጋፋ ኩባንያ ሰርቨሮቹ ያለ ማስጠንቀቂያ ጠፉ፤ ደንበኞች በጠዋት ተነስተው ቤታቸው እንደማይታዘዛቸው አወቁ። ዕቃው የተገዛ ቢመስልም የተከራየ ነበር።

ለዚህ የተሰጠው መልስ ከኩባንያ ሳይሆን ከግለሰቦች መጣ። ፓውሉስ ስኮውትሰን የተባለ ኔዘርላንዳዊ እ.ኤ.አ. በ2013 ሆም አሲስታንት የተባለውን ፕሮግራም ጀመረ፤ ዋና ሐሳቡ ቤቱ የሚመራው እዚያው ቤት ውስጥ ባለ ትንሽ ኮምፒውተር ይሁን የሚል ነው። ቴኦ አረንድስ የተባለ ሌላ ኔዘርላንዳዊ በኢኤስፒ 8266 የሚሠሩ የገበያ ሶኬቶችን የፋብሪካ ፕሮግራም አውጥቶ በራሱ የሚተካበትን ታስሞታን ጻፈ። ኦቶ ቪንተር ደግሞ በ2018 ኢኤስፒሆምን አወጣ፤ በጥቂት መስመር ጽሑፍ ብቻ የራስን መሣሪያ መግለጽ የሚያስችል ነው። በዚያው ዓመት ታኅሣሥ ላይፕዚግ በተካሄደ የኮምፒውተር ጉባኤ አንድ የጀርመን የደኅንነት ድርጅት፣ ቱያ በሚባለው ግዙፍ የቻይና መድረክ ሥር የሚሸጡ አምፖሎችን ሳይከፍቱ እንዴት ነፃ ማውጣት እንደሚቻል አሳየ። ቱያ ቀዳዳውን ደፈነ፤ በኋላም ብዙዎቹን ዕቃዎች ከኤስፕሬሲፍ ወደ ሌላ ቺፕ አዞረ። ዛሬ ከገበያ የተገዛን አምፖል ማስኮብለል እንደ ድሮው አይቀልም። ባዶዋን ቺፕ ገዝቶ ራስ መሥራት ግን እስከ ዛሬ አልተዘጋም።

የዚህ ሁሉ ፍሬ ነገር በአንድ ዓረፍተ ነገር ይነገራል፦ ዋይፋይ ማለት ኢንተርኔት ማለት አይደለም። በእኛ የዕለት ንግግር ሁለቱ አንድ ሆነዋል፤ "ዋይፋይ የለም" ስንል ኢንተርኔት ተቋርጧል ማለታችን ነው። ራውተሩ ግን ከውጭ ያለው መስመር ቢበጠስም በቤቱ ውስጥ ዕቃን ከዕቃ ማገናኘቱን አያቆምም። ሰኔ 23 ቀን 2012 ዓ.ም ከሃጫሉ ሁንዴሳ ግድያ በኋላ ኢንተርኔት ለሦስት ሳምንት ያህል ሲዘጋ በየቤቱ ያሉት ራውተሮች ያንኑ ዋይፋይ ይረጩ ነበር። ትእዛዙን ከቤት ሳያስወጣ የሚሠራ መሣሪያ በዚያ ሰሞን አንድም ቀን አይስተጓጎልም ነበር።

ኢትዮጵያ ውስጥ የማብሪያው ታሪክ ከቤተ መንግሥት ይጀምራል። በ1890 ዓ.ም የአፄ ምኒልክን ግቢ ለማብራት ጄኔሬተር ተተከለ። በ1904 ዓ.ም ገደማ በአቃቂ ወንዝ ላይ የመጀመሪያው የውሃ ኃይል ማመንጫ ለትንንሽ ፋብሪካዎች ሥራ ጀመረ። ስልክም ከምኒልክ ነው የሚቆጠረው፤ ኢትዮ ቴሌኮም ልደቱን ከ1887 ዓ.ም ይቆጥራል። በ1948 ዓ.ም የኢትዮጵያ መብራትና ኃይል ባለሥልጣን ተቋቋመ፤ በ2006 ዓ.ም ተከፍሎ አመንጪውና አከፋፋዩ ለየብቻ ሆኑ፤ ሕዝቡ ግን እስከ ዛሬ "መብራት ኃይል" ነው የሚለው። ስሙ ሲቀያየር አንድ ነገር አልተለወጠም፦ ቴክኖሎጂው ከላይ ወደ ታች ይወርዳል፤ ቤቱ ተቀባይ ነው። መቀበልን ደግሞ ለምደነዋል። ለዚህ ነው "መብራት ሄደ"፣ "መብራት መጣ" የምንለው፤ እንደ እንግዳ፣ በራሱ ፈቃድ እንደሚመጣና እንደሚሄድ።

ከዚህ ሥርዓት ያፈነገጠ አንድ ትልቅ ነገር አለ፤ የኤሌክትሪክ ምጣድ። እንጀራ የሚያበስል ምድጃ ከጀርመንም ከጃፓንም ተሠርቶ ሊመጣ አይችልም ነበር፤ ፈላጊው እዚህ ብቻ ነውና። ስለዚህ የሠሩት የእኛው የእጅ ባለሙያዎች ናቸው። ሸክላው ከሥሩ ቦይ ይወጣለታል፤ ሬዚስታንስ ሽቦው በቦዩ ውስጥ እየተጠማዘዘ ይቀበራል፤ በጄሶ ይደፈናል፤ በቆርቆሮ ክብ ላይ ይቀመጣል። ሽቦው ከውጭ የመጣ ነው፣ ሐሳቡ የሀገር ቤት ነው፣ ሲቃጠል የሰፈር ባለሙያ ይጠግነዋል። (አሜሪካ ያለው ወገናችን ይህ ዕድል ስላልነበረው የኖርዌይ ዝርያ ያላቸው አሜሪካውያን ሌፍሰ የሚባለውን ቂጣቸውን የሚጋግሩበትን ምጣድ እየገዛ እንጀራ ሲጋግር ኖሯል። ያም ቢሆን አንድ ብልሃት ነው።) የኤሌክትሪክ ምጣድ ፈጣሪ ተብሎ የተሸለመ፣ ፎቶው የተሰቀለ ሰው የለም። ግን በከተማ ቤት ውስጥ ከማንም በላይ ኃይል የሚበላው፣ ያለ እሱም ቤት ቤት የማይሆነው ዕቃ ያለ ፋብሪካና ያለ ፈቃድ ከታች ወደ ላይ የወጣ ነው። የአምስት ዶላሯ ቺፕ ታሪክ ዘመዱ ይህ ነው።

ከሰባተኛ ተነስቶ በባቡር ወደ ሜክሲኮ የሚወርድ ሰው አብነትን፣ ዳርማርን፣ ልደታን፣ ተግባረ ዕድን በተርታ ያልፋል። በ2008 ዓ.ም ሥራ የጀመረው የሰሜን ደቡብ መስመር እነዚህን ጣቢያዎች ያሰረው ለትራንስፖርት ነው፤ ሳያስበው ግን የከተማዋን የእጅ ጥበብ ታሪክ በአንድ ክር ሰፍቶታል። በአንዱ ጫፍ ከውጭ የመጣ ዕቃ ሁሉ የሚራገፍበት መርካቶ አለ። በሌላው ጫፍ ከ1934 ዓ.ም ጀምሮ ኤሌክትሪሻንና መካኒክ ሲያሠለጥን የኖረው ተግባረ ዕድ። እዚያው ልደታ ክፍለ ከተማ ውስጥ በ1954 እ.ኤ.አ. በኢትዮጵያና በስዊድን ትብብር የተቋቋመው፣ ዛሬም "ሕንፃ ኮሌጅ" የሚባለው የዩኒቨርሲቲው ግቢ ይገኛል፤ በ2003 ዓ.ም የሀገሪቱ የመጀመሪያ የቴክኖሎጂ መፈልፈያ የሚባለው አይስአዲስ የተጀመረው እዚያ ግቢ ውስጥ ነው። አብነት መሐሉ ላይ ነው፤ ዕቃው ከሚመጣበትና ዕውቀቱ ከሚሰጥበት ሰፈር መካከል። ቃሉ ራሱ የሚከተሉት ምሳሌ ማለት ነው፤ የአብነት ተማሪ ቀለሙን የሚቆጥረው ከመምህሩ እግር ሥር ቁጭ ብሎ፣ እያየና እየደገመ ነው። የቺፕዋም ትምህርት ከዚህ ብዙ አይለይም፤ ሰው የሚማረው የሌላውን ሥራ ገልብጦ፣ አበላሽቶ፣ እንደገና ሠርቶ ነው።

በአብነትና በአካባቢው የቀበሌ ቤትና ኮንዶሚኒየም ጎን ለጎን ይኖራሉ። በሁለቱም ውስጥ በድምፅ የሚበራ አምፖል የሚመኝ ሰው ጥቂት ነው። የመጀመሪያው ጉዳይ ውሃ ነው። ውሃ በፈረቃ፣ ብዙ ጊዜም ሌሊት ይመጣል። ግፊቱ ላይኛው ፎቅ አይደርስም። ስለዚህ ሰው ምድር ላይ ያጠራቅማል፣ በፓምፕ ወደ ላይኛው ሮቶ ይገፋል። አንድ ሰው ሌሊት በ8 ሰዓት ተነስቶ ቧንቧ ያዳምጣል፤ መጣ አልመጣም። ፓምፑን ከፍቶ እንቅልፍ ከወሰደው ወይ ሮቶው ሞልቶ ጎረቤት ላይ ይፈሳል፣ ወይ የታችኛው ውሃ አልቆ ፓምፑ በደረቁ ሲሽከረከር ይቃጠላል።

ይህን ሥራ ቺፕዋ ያለ ችግር ትሠራለች። ሮቶው ክዳን ሥር የድምፅ ሞገድ የሚልክ ሴንሰር ይቀመጣል። ድምፁ ውሃው ላይ ነጥሮ እስኪመለስ ያለው ጊዜ ይለካል፤ ውሃው አንድ ሜትር ዝቅ ካለ ደርሶ መልሱ የሰከንድ 6 ሺኛ ያህል ነው። ከዚህ ተነስታ ቺፕዋ ምን ያህል ውሃ እንዳለ ታውቃለች፤ ሲጎድል ፓምፑን ታስነሳለች፣ ሲሞላ ታቆማለች። ርካሹ ሴንሰር በሮቶው እርጥበት በወራት ውስጥ ይበላሻል፤ ውሃ የማያስገባው ይሻላል፣ እሱ ግን ከ20 ሳንቲ ሜትር በታች ያለውን ርቀት ማየት ስለማይችል ከፍ ብሎ መሰቀል አለበት። በታችኛው ማጠራቀሚያ ደግሞ ተራ ተንሳፋፊ ማብሪያ ይበቃል፤ ውሃ ከሌለ ፓምፑ እንዳይነሳ ይከለክላል። በዚህ ሁሉ ውስጥ ኢንተርኔት የለበትም። ሌሊት 8 ሰዓት የሚነሳው ሰው ብዙ ጊዜ የቤቱ እመቤት ወይም ሠራተኛዋ መሆኗን ላስተዋለ፣ ይህች መሣሪያ ማንን እንቅልፍ እንደምታስተኛ ግልጽ ነው።

ሁለተኛው ጉዳይ ቆጣሪ ነው። በአንድ ግቢ አራትና አምስት አባወራ በአንድ ቆጣሪ ሲጠቀም የወር ሂሳብ ሲመጣ ጠቡ አይቀርም። ማን ስንት ጊዜ ጋገረ? የማን ልጅ ሌሊቱን ሙሉ ቴሌቪዥን ከፍቶ ያድራል? አከራይ ተከራይን "ምጣድ አይፈቀድም" ብሎ የሚያስገባውም ለዚህ ነው። በሽቦ ዙሪያ በሚታሰር ቀለበት የሚያልፈውን ኤሌክትሪክ የሚለካ ሞጁል አለ፤ ዋጋው ከቺፕዋ ጥቂት ቢበልጥ ነው። ለእያንዳንዱ ቤት አንድ ተደርጎ ቢገጠም ክርክሩ በቁጥር ያልቃል። ሕጋዊውን ቆጣሪ አይተካም፣ ማኅተሙንም መንካት አያስፈልግም፤ ከቆጣሪው በኋላ ባለው መስመር ላይ ነው የሚታሰረው።

እዚህ ላይ ከውጭ የተቀዳ ዕውቀት አደጋ እንደሚያመጣም መናገር ያስፈልጋል። በኢንተርኔት ላይ ያሉ መማሪያዎች ሁሉ የሚያሳዩት በ10 አምፔር ሪሌይ መብራት ሲበራ ነው። አንድ ምጣድ ግን 3 ሺህ 500 ዋት ቢሆን በ220 ቮልት 16 አምፔር ገደማ ይስባል። ያን ምጣድ በዚያ ሪሌይ ያገናኘ ሰው መጀመሪያ ሽታ ያገኛል፣ ቀጥሎ ጭስ፣ ከዚያ ወዲያ ያለውን መገመት ነው። ለምጣድና ለፓምፕ ኮንታክተር ያስፈልጋል፤ ቺፕዋ ኮንታክተሩን ታዝዛለች፣ ከባዱን የሚሸከመው እሱ ነው። ይህን ማንኛውም የተግባረ ዕድ ምሩቅ ያውቀዋል፤ የኮምፒውተር ተማሪው ግን ላያውቀው ይችላል። በተቃራኒው ደግሞ ኤሌክትሪሻኑ ፕሮግራም አይጽፍም። ሁለቱ ሙያዎች በባቡር ሁለት ሦስት ጣቢያ ተራርቀው ሳይገናኙ መኖራቸው ከቺፕዋ ዋጋ ይልቅ የሚያሳስብ ነገር ነው።

መብራት ሲሄድና ሲመጣ ያለው ነገርም የአውሮፓ መማሪያ ውስጥ የለም። እዚያ መብራት አይሄድም ተብሎ ይታሰባል። እዚህ ግን ሲመለስ ቮልቴጁ ይዋዥቃል፤ ሰው ለዚህ ነው ፍሪጁን ነቅሎ የሚጠብቀው። ስለዚህ እዚህ የሚሠራ መሣሪያ መብራት ሲመለስ ወዲያው ፓምፕ ማስነሳት የለበትም፤ አምስት ደቂቃ መታገስ አለበት። ሌላም አለ። ቺፕዋ የራሷ ባትሪ ያለው ሰዓት የላትም፤ ሰዓቱን የምትጠይቀው ከኢንተርኔት ነው። መብራት ሄዶ ሲመለስ ኢንተርኔት ከሌለ ጊዜው ከ1970 ጃንዋሪ 1 የጀመረ ይመስላታል፤ በእኛ አቆጣጠር ታኅሣሥ 23 ቀን 1962 ዓ.ም ማለት ነው፣ ከሌሊቱ 9 ሰዓት። "ሌሊት 8 ሰዓት ላይ ፓምፑን ክፈች" የተባለች ቺፕ በጃንሆይ ዘመን ቆማ ትቀራለች። መድኃኒቱ በሰዓት ባትሪ የምትሠራ ትንሽ የሰዓት ሞጁል መጨመር ነው። የውጭ ሰው ይህን ትርፍ ወጪ ይለዋል። የ2011ን ግንቦትና ሰኔ ያሳለፈ ሰው አይለውም።

ወደ ሕጉ እንምጣ። በ2004 ዓ.ም መገባደጃ ስለ አንድ ረቂቅ አዋጅ ዓለም አቀፍ ጫጫታ ተነሳ፤ ኢትዮጵያ ስካይፕ የሚጠቀምን ሰው 15 ዓመት ልታስር ነው ተባለ። መንግሥት አስተባበለ። ረቂቁም በዚያው ክረምት የቴሌኮም ማጭበርበር ወንጀል አዋጅ ቁጥር 761/2004 ሆኖ ወጣ። በስካይፕ ጫጫታ ውስጥ ግን ማንም ልብ ያላለው ሌላ አንቀጽ ነበር። አስቀድሞ ከሚኒስቴሩ ፈቃድ ሳያገኝ የቴሌኮም መሣሪያ ያመረተ፣ የገጣጠመ፣ ያስመጣ ወይም ለሽያጭ ያቀረበ ከ10 እስከ 15 ዓመት ጽኑ እስራትና ከ100 ሺህ እስከ 150 ሺህ ብር መቀጮ ይጠብቀዋል። "የቴሌኮም መሣሪያ" የሚለው ትርጓሜም ሰፊ ነው፤ ተጓዳኝ ዕቃውንና ሶፍትዌሩን ጭምር ይይዛል።

የአዋጁ ዒላማ ተማሪና ቴክኒሻን አልነበረም። ከውጭ የሚገባን ጥሪ በሕገወጥ መሣሪያ እየጠለፉ የቴሌን ገቢ የሚወስዱትን ነበር ያሰበው፤ ያም እውነተኛ ወንጀል ነው። ነገር ግን "መገጣጠም" የሚለው ቃል ያለ ልዩነት ሲቀመጥ፣ በዋይፋይ የምትነጋገር የ5 ዶላር ሰሌዳ ከሮቶ ጋር ያሰረ ሰው ከየትኛው ወገን ነው? የሕግ ባለሙያ "መሣሪያው ለቴሌኮም አገልግሎት የተሠራ አይደለም" ብሎ ሊከራከር ይችላል፤ ክርክሩም ሚዛን የሚደፋ ነው። ነጋዴው ግን ችሎት ቆሞ መከራከር አይፈልግም። አንቴና ያለው ዕቃ ሁሉ በጉምሩክ በጥርጣሬ መታየቱ፣ አስመጪው በካርቶን ከማስገባት ይልቅ በሻንጣ ጥቂት ጥቂት መያዝን መምረጡ የዚህ ዓይነት ሕግ የሚያሳድረው ልማድ ነው። ቻይና በዚያው ሰሞን ቺፕዋን ለዓለም ስትበትን እኛ መገጣጠምን በወንጀል ዝርዝር ውስጥ አስቀምጠን ነበር።

በ2011 ዓ.ም የኮሙዩኒኬሽን አገልግሎት አዋጅ ቁጥር 1148/2011 ወጣ። የኢትዮጵያ ኮሙዩኒኬሽን ባለሥልጣን ተቋቋመ፣ የመገናኛ መሣሪያዎችን መመዘንና ማጽደቅ ሥራው ሆነ፣ በ2015 ዓ.ም ሳፋሪኮም ገበያውን ተቀላቀለ። ለትልልቆቹ በሩ ተከፍቷል። ለትንሹ ገጣጣሚ ግን የማጽደቅ ሥርዓት የተሠራው ሺህ ስልክ ለሚያስመጣ ድርጅት ነው፤ አሥር የሮቶ መቆጣጠሪያ ሠርቶ ለጎረቤት ለሚሸጥ የሰፈር ባለሙያ አይደለም። ምጣድ ሠሪው እንዲህ ያለ ፈቃድ ቢጠየቅ ኖሮ አዲስ አበባ እስከ ዛሬ በማገዶ ትጋግር ነበር።

ገንዘቡም የራሱ ታሪክ አለው። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም ብር በገበያ እንዲወሰን ሲደረግ አንድ ዶላር በባንክ ከ57 ብር ግድም ተነስቶ በዚያው ቀን ወደ 74 ብር ተጠጋ፤ ሳምንታት ሳይቆይ ከ100 አለፈ። የ5 ዶላር ሰሌዳ ከ300 ብር በታች የነበረችው 500 ብር ገባች፤ የሻንጣው ትርፍ ሲጨመር ደግሞ ከዚያ በላይ። ያም ሆኖ ከተቃጠለ ፓምፕ ጋር ሲተያይ ዋጋዋ አይወራም። ይልቅ የሚከብደው ክፍያው ነው፤ የውጭ ካርድ የሌለው ወጣት ከቻይና ገበያ በቀጥታ ማዘዝ ስለማይችል ከነጋዴው እጅ ያለውን ብቻ ይገዛል፣ ነጋዴውም የሚያመጣው ለዩኒቨርሲቲ የመመረቂያ ሥራ የሚፈለገውን ነው። የመመረቂያ ሥራው ደግሞ ዕጣው ይታወቃል፤ ለፈታኞች በርቶ ይታያል፣ ውጤት ይሰጠዋል፣ ካርቶን ውስጥ ይገባል። እዚያው ግቢ የተማሪዎች መኖሪያ ላይ ያለው ሮቶ ሞልቶ ሲፈስ ያድራል።

ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም 5 ሺህ 150 ሜጋ ዋት የሚያመነጨው የህዳሴ ግድብ ተመረቀ። በ2011 ጎደለ የተባለው 476 ሜጋ ዋት ከዚህ አንድ አሥረኛው እንኳ አይሆንም። አብነት ላይ ያለው ቤት ግን ኃይሉን የሚያገኘው በዕድሜ ጠገብ ምሰሶና ትራንስፎርመር በኩል ነው፤ ውሃውም በሌሊት መምጣቱን አልተወም። ለኮሙዩኒኬሽን ባለሥልጣን አንድ ገጽ መመሪያ ይበቃዋል፦ በ2.4 ጊጋ ኸርዝ በአነስተኛ ኃይል የሚሠሩ፣ ለቤትና ለትምህርት የሚገጣጠሙ፣ ከቴሌ መስመር ጋር የማይገናኙ መሣሪያዎች ፈቃድ አያስፈልጋቸውም የሚል። ለተግባረ ዕድ ደግሞ አንድ ክፍል፤ ኮንታክተር የሚያስር ልጅና ፕሮግራም የሚጽፍ ልጅ በአንድ ጠረጴዛ ዙሪያ የሚቀመጡበት። ሮቶውም ፓምፑም ምጣዱም ለመሞከሪያ እዚያው ሰፈር ውስጥ አለ።